«እከሌ እስከ ዘጠና ዓመቱ አጨሰ» የምትለውን አባባል እንመርምራት

 

የሲጋራ ነገር ሲነሳ፣ ቡና ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ ሦስት አባባሎች አይጠፉም። አንደኛው «እከሌን አታውቀውም? እስከ ዘጠና ዓመቱ አጭሶ ምንም አልሆነም» ይላል። ሁለተኛው «እኔ የማጨሰው ቀላሉን ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «አሁን በስተርጅና ብተወው ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ነው።

እነዚህን የሚናገሩ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። በዓይናቸው ካዩት ተነስተው ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ቁጣ ሳይሆን ማስረጃ ያለው መልስ ይገባቸዋል። ማስረጃው ደግሞ አለ፤ ከ70 ዓመት በላይ ሲሰበሰብ የቆየ ነው። ዛሬ ሦስቱን አንድ በአንድ እናያቸዋለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዘጠና ዓመት የደረሱት ስንት ናቸው?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ግራ ገባቸው። ድሮ እምብዛም የማይታየው የሳንባ ካንሰር እየበዛ መጣ። አንዳንዱ «ከመኪና ጭስ ነው» አለ፤ ሌላው «መንገድ ከሚሠራበት ሬንጅ ነው» አለ። ሲጋራን የጠረጠረ ጥቂት ነበር። በዚያ ዘመን ከ10 የእንግሊዝ ወንዶች 8ቱ ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር፤ ሐኪሞቹም ራሳቸው ያጨሱ ነበር። ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነገር መጠርጠር ከባድ ነው።

ሪቻርድ ዶል የሚባሉ ሐኪምና ብራድፎርድ ሂል የሚባሉ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነገሩን ለማጣራት ተነሱ። ለንደን ውስጥ በ20 ሆስፒታሎች የተኙ ሕሙማን ስለ ኑሯቸው እንዲጠየቁ አደረጉ። የሳንባ ካንሰር የያዛቸውም፣ ሌላ በሽታ የያዛቸውም አንድ ዓይነት ጥያቄ ተጠየቁ። ውጤቱ በ1950 ታተመ። የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል አጫሽ ያልሆኑት 2 ብቻ ነበሩ። ዶክተር ዶል ራሳቸው አጫሽ ነበሩ፤ ቁጥሩ ወዴት እንደሚያመለክት ሲገባቸው ጥናቱ ሳያልቅ ሲጋራቸውን ተዉ።

ይህ ብቻውን አልበቃም። የታመመን ሰው ስላለፈው ሕይወቱ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ጤነኛውን ሰው ይዞ እስከ መጨረሻው መከተል ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በ1951 ሁለቱ ሰዎች ለአገሪቱ ሐኪሞች ደብዳቤ ጻፉ፦ «ታጨሳላችሁ? ምን ያህል? መቼ ጀመራችሁ?» ብለው ጠየቁ። ከመለሱት መካከል 34,439 ወንድ ሐኪሞችን መዝግበው፣ ማን በሕይወት እንዳለና ማን በምን እንደሞተ ለ50 ዓመት ተከታተሉ። የ50 ዓመቱ ውጤት በ2004 ታተመ።

ያንን ውጤት በክፍል ውስጥ እንደምናስተምረው አድርገን እንየው። ዕድሜያቸው 35 ዓመት የሆነ 100 ሰዎችን በቀኝ በኩል አሰልፉ፤ እነዚህ አጭሰው አያውቁም። ሌሎች 100 ሰዎችን በግራ በኩል አሰልፉ፤ እነዚህ ያጨሳሉ፣ አላቆሙም። አሁን ዓመታቱ ይለፉ።

70 ዓመት ሲሞላቸው በቀኝ በኩል 81 ሰዎች ቆመዋል፤ በግራ በኩል 58። 80 ዓመት ሲሞላቸው በቀኝ 59፣ በግራ 26 ናቸው። 90 ዓመት ሲሞላቸው በቀኝ በኩል 24 ሰዎች አሉ። በግራ በኩል የቀሩት 4 ብቻ ናቸው።

እንግዲህ «እከሌ እስከ ዘጠና ዓመቱ አጨሰ» የሚለው ሰው አልዋሸም። እከሌ ከአራቱ አንዱ ነው። ነገር ግን ከእሱ ጋር ተሰልፈው የነበሩት 96 ሰዎች የት ናቸው? ከእነሱ መካከል ሳያጨሱ ቢሆን ኖሮ ዘጠና ሊደርሱ የሚችሉ 20 ሰዎች ነበሩ። እነሱ ቡና ላይ ተቀምጠው ሊመሰክሩ አይችሉም። ምስክርነት የምንሰማው ከተረፈው ብቻ ስለሆነ ነው የምንሳሳተው።

በአገራችን ክረምት የሞላ ወንዝ ገብቶ የተሻገረ ሰው አይጠፋም። ያንን ሰው አይቶ ልጁን ወደ ጎርፍ የሚሰድ አባት ግን የለም።

ጥርጣሬን የሸጡ ሰዎች

ማስረጃው በ1950 ከታተመ፣ ለምን ይህን ያህል ዘመን ሳይታመን ቆየ? እዚህ ላይ የሻጮቹ ታሪክ ይገባል።

በታኅሣሥ 1953 የአሜሪካ ትላልቅ የሲጋራ ኩባንያዎች አለቆች ኒው ዮርክ ውስጥ ፕላዛ በሚባል ሆቴል ተሰበሰቡ። በዚያው ዓመት ከሲጋራ የተወሰደ ዝቃጭ የአይጥ ቆዳ ላይ ሲቀባ ካንሰር እንደሚያመጣ ታትሞ ነበር፤ ሕዝቡም ፈርቶ ነበር። አለቆቹ የሕዝብን አመለካከት የሚቀርጽ ድርጅት ቀጠሩ። ጥር 4 ቀን 1954 ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጡ። መልእክቱ ባጭሩ፦ ነገሩ ገና አልተረጋገጠም፣ የሕዝብ ጤና ያሳስበናል፣ እኛም እናስጠናለን የሚል ነበር።

ዘዴውን ልብ በሉ። «ሲጋራ ጤና ነው» አላሉም፤ እንዲያ ቢሉ የሚያምናቸው አይኖርም። ያሉት «ገና አልተረጋገጠም» ነው። ሱስ ያለበት ሰው የሚፈልገው ትንሽ ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬ ካለ «ነገ እተወዋለሁ» ማለት ይቻላል። ከኩባንያዎቹ አንዱ በ1969 ለውስጥ ሥራ የጻፈው ወረቀት ከብዙ ዓመት በኋላ ይፋ ሲወጣ፣ ኩባንያው የሚያመርተው ሸቀጥ ጥርጣሬ መሆኑን በግልጽ ያስቀምጥ ነበር።

በጥር 1964 የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ሉተር ቴሪ ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ ዘገቡ። እንዲያም ሆኖ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1994፣ የ7 የትምባሆ ኩባንያዎች አለቆች በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ምለው «ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለን አናምንም» አሉ። በ1998 ኩባንያዎቹ ከ46 የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ጋር ስምምነት ፈርመው፣ በ25 ዓመት ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማሙ፤ የውስጥ ሰነዶቻቸውም ለሕዝብ ክፍት ሆኑ። በ2006 ደግሞ ግላዲስ ኬስለር የሚባሉ የፌዴራል ዳኛ ኩባንያዎቹ ለአሥርተ ዓመታት ሕዝቡን እንዳታለሉ ፈረዱ።

ስለዚህ «እከሌ ምንም አልሆነም» ስንል ከራሳችን የተናገርን ይመስለናል። አባባሉ ሥር እንዲሰድ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት መሆኑን ግን ማወቅ አለብን።

«እኔ የማጨሰው ቀላሉን ነው»

ሕዝቡ ሲፈራ ኩባንያዎቹ ሌላ ነገር አቀረቡ፤ ፊልተር ያለው ሲጋራ፣ ቀጥሎም ላይት የሚባለው «ቀላል» ሲጋራ መጣ። በመለኪያ መሣሪያ ሲፈተሽ ዝቃጩም ኒኮቲኑም አነስተኛ ሆኖ ይታይ ነበር።

ምስጢሩ ፊልተሩ ላይ ነው። በዓይን እምብዛም የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉበት። መሣሪያው ሲስብ በቀዳዳዎቹ ንጹሕ አየር ይገባና ጭሱን ያቀጥነዋል። ሰው ግን መሣሪያ አይደለም። ቀዳዳዎቹን በከንፈሩና በጣቱ ይደፍናቸዋል። ኒኮቲኑ ያነሰው አካል ደግሞ ሳይታወቀው ጠለቅ አድርጎ ይስባል፣ ደጋግሞ ይስባል። በ2001 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ያወጣው ሰፊ ጥናት እነዚህ ሲጋራዎች ለሕዝብ ጤና ያመጡት ጥቅም እንደሌለ አሳየ። ከ2010 ጀምሮ በአሜሪካ በሲጋራ ፓኬት ላይ «ላይት» ብሎ መጻፍ በሕግ ተከልክሏል።

ናርጊላም እንዲሁ ነው። «ውኃው ያጣራዋል» ይባላል። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም። የቀዘቀዘ ጭስ ጉሮሮን ስለማይከረክር ሰው ብዙ ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው፣ ናርጊላ ይዞ አንድ ጊዜ የተቀመጠ ሰው የሚስበው የጭስ መጠን የ100 ሲጋራ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

በባትሪ የሚሠራው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራስ? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብን። ትምባሆ ስለማያቃጥል በጭሱ ውስጥ የሚገኙት ብዙዎቹ መርዞች በእሱ ውስጥ ያንሳሉ። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ኒኮቲን አለበት፤ ሱስ የሚያስይዘው ደግሞ ኒኮቲን ነው። አጭሶ ለማያውቅ ወጣት ምንም ጥቅም የለውም፤ አዲስ ሱስ ነው። በነሐሴ 2018 የእስራኤል መንግሥት ጁል የተባለውን ምርት ከገበያ ያገደው፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ኒኮቲን ስላለበት ነበር።

ገዢው ልጅ ሳለ ነው የሚፈለገው

አንድ ነጋዴ ደንበኞቹ በየዓመቱ እየሞቱ ቢያልቁ ምን ያደርጋል? አዲስ ደንበኛ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ ካላቆሙት ተጠቃሚዎቹ እስከ ግማሽ የሚሆኑትን ይገድላል። በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በየቀኑ ከሚያጨሱ 10 አዋቂዎች 9 ያህሉ ሲጋራን የቀመሱት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በ40 ዓመቱ ሲጋራ የሚጀምር ሰው ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ ሻጩ ዓይኑን የሚጥለው ወጣቱ ላይ ነው።

ሲጋራ ሲሸጥ ደግሞ የሚሸጠው ቅጠሉ አይደለም፤ ምስሉ ነው። በ1929 በኒው ዮርክ የፋሲካ ሰልፍ ላይ ወጣት ሴቶች በአደባባይ ሲጋራ ለኩሰው እንዲሄዱ ተደረገ። በጊዜው ሴት በመንገድ ላይ ስታጨስ መታየት ነውር ነበር። ጋዜጦች የሴቶች ነፃነት ምልክት ነው ብለው ጻፉ። ነገሩን ያቀነባበሩት ግን ለአንድ የሲጋራ ኩባንያ የሚሠሩት ኤድዋርድ በርኔስ ነበሩ። በ1946 ደግሞ ሐኪሞች ካሜል የሚባለውን ሲጋራ ከሌላው አብልጠው ያጨሳሉ የሚል ማስታወቂያ፣ ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው ሥዕል ጋር ይወጣ ጀመር።

በ1988 ይኸው ካሜል በአሜሪካ ጆ ካሜል የተባለ፣ መነጽር ያደረገ የግመል ሥዕል አመጣ። በ1991 በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 6 ዓመት ከሆኑ ልጆች ከ10 9 ያህሉ ግመሉን ከሲጋራ ጋር አገናኝተው ለይተውታል፤ ሚኪ ማውስን የሚያውቁትን ያህል ያውቁት ነበር። ኩባንያው ልጆችን አልፈለግንም አለ። ከብዙ ክርክር በኋላ ግመሉ በ1997 ተነሳ።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ማኅበረሰብ የተለየ ትርጉም አለው። ሲጋራ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ባህል አይደለም። ጋያ የሚስብ፣ ሱረት የሚጠቀም አልጠፋም፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን ባደግንበት ገጠር ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ጥቂት ነበር። በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ከ100 አዋቂዎች 5 ያህል ብቻ ነበሩ። በእስራኤል ግን ከ100 አዋቂዎች 20 ያህሉ ያጨሳሉ። የልጅ ልጆቻችን የሚያድጉት በዚህኛው ቁጥር ውስጥ ነው።

እዚህ አገር ሕጉ ጠንክሯል። የትምባሆ ማስታወቂያን የሚገድበው የመጀመሪያው ሕግ በ1983 ወጣ። በ2018 መጨረሻ ክኔሴት በጣም አጠናከረው፤ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም ጨመረበት። ከጥር 2020 ጀምሮ ሲጋራ በሱቅ ውስጥ ለእይታ አይደረደርም፤ የሁሉም ፓኬት ቀለም አንድ ሆኗል። በማኮሌት ያያችሁት ያ ወደ ጭቃ የሚያደላ ቡኒ ቀለም በድንገት የተመረጠ አይደለም። መጀመሪያ በአውስትራሊያ አጫሾች ተጠይቀው ከሁሉ የሚያስጠላው የትኛው እንደሆነ የመረጡት ነው። አውስትራሊያ በ2012 ሥራ ላይ አዋለችው፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሏት። ፓኬቱ ራሱ ትንሽ ማስታወቂያ ስለሆነ፣ ያንን ማስታወቂያ ለማጥፋት ነው።

ሕግ ግን ቤት ውስጥ አይገባም። የልጅ ልጃችሁ እጅ ላይ እስክሪብቶ ወይም ፍላሽ ዲስክ የሚመስል፣ የፍራፍሬ ወይም የከረሜላ ሽታ ያለው ዕቃ ካያችሁ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሊሆን ይችላል። አትጩኹበት። «ይህን ማን ነው የሚሸጥልህ? ለምን ከረሜላ ከረሜላ እንዲሸት ያደረጉት ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ወጣት ሰው «አትንካ» ሲባል እልህ ይይዘዋል፤ «እያታለሉህ ነው» ሲባል ግን ያስባል። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው።

የባል ጭስ፣ የሚስት ሳንባ

የማያጨሱ እናቶች ይህ ነገር አይመለከተንም እንዳይሉ አንድ ጥናት እንጨምር። ታኬሺ ሂራያማ የሚባሉ የጃፓን ተመራማሪ ራሳቸው የማያጨሱ ከ91,000 በላይ ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመት ተከታተሉ። በ1981 ያወጡት ውጤት፣ ባሎቻቸው ብዙ የሚያጨሱ ሴቶች ባሎቻቸው ከማያጨሱት ይልቅ በሳንባ ካንሰር አብልጠው እንደሚሞቱ አሳየ። ኩባንያዎቹ ጥናቱን በአደባባይ አጣጣሉት፤ በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ግን አረጋገጡት።

ስለዚህ መስኮት ከፍቶ ሳሎን ውስጥ ማጨስ መፍትሔ አይደለም። ጭሱ መጋረጃና ምንጣፍ ላይ ይቀራል፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይሄዳል። አባወራው ወዲያው መተው ካልቻሉ፣ ቢያንስ ቤትና መኪና ውስጥ እንዳይጨስ መስማማት ለሚስትም ለልጅ ልጅም ትልቅ ነገር ነው።

«አሁን ብተወው ምን ይጠቅመኛል?»

አሁን ወደ ሦስተኛው አባባል እንምጣ። መልሱ ያው በእንግሊዝ ሐኪሞች ጥናት ውስጥ ይገኛል። ሳያቋርጡ ያጨሱት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ቀድመው ሞተዋል። በ30 ዓመታቸው የተዉት 10ሩንም ዓመት ያህል መልሰው አገኙ። በ40 የተዉት 9 ዓመት፣ በ50 የተዉት 6 ዓመት አገኙ። በ60 ዓመታቸው የተዉት ደግሞ 3 ዓመት አተረፉ።

ሦስት ዓመት ጥቂት ናት? በሦስት ዓመት ውስጥ የልጅ ልጅ ሠርግ አለ፣ ከጦር ሠራዊት የሚመለስ ልጅ አለ። ደግሞ ትርፉ የዓመት ቁጥር ብቻ አይደለም። ሲጋራ ከተተወ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት ይቀንሳል። በ12 ሰዓት ውስጥ በደም ውስጥ ያለው መርዛም የካርቦን ጋዝ ወደ ደህናው መጠን ይወርዳል። ከ2 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ የደም ዝውውር ይሻሻላል፣ ሳንባም ይበረታል፤ ደረጃ መውጣት ይቀላል። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ማጨስ ያመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከመቅረት መዘግየት ይሻላል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

መተው ቀላል ነው አንልም። ኒኮቲን ከባድ ሱስ ነው፤ የማይተወው ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ረሃብ ይመጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን እየቀለለ ይሄዳል። ሰንበትን የምታከብሩ አጫሾች ደግሞ አንድ ብልጫ አላችሁ። ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ሳታጨሱ ትውላላችሁ። ከመጀመሪያዎቹ ከባድ ቀናት አንዱን በየሳምንቱ ትወጡታላችሁ ማለት ነው። ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ሲወጣ ክብሪቱን አለመጫር ለመጀመር ጥሩ ሰዓት ነው።

ብቻችሁንም አትታገሉ። ከ2010 ጀምሮ ማጨስ ማቆሚያ ሥልጠና፣ በዕብራይስጥ ሳድና የሚሉት፣ በጤና አገልግሎት ውስጥ ተካቷል፤ ሁሉም ኩፓት ሆሊም ይሰጡታል። በሥልጠናው የገባ ሰው መድኃኒቱንም በእነሱ በኩል ያገኛል። በቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ እንደ ማስቲካ የሚታኘክ፣ የሚዋጥ ክኒንም አለ። ወደ ክሊኒካችሁ ሂዱና ለነርሷ ወይም ለቤተሰብ ሐኪማችሁ «ማጨስ ማቆም እፈልጋለሁ» በሏቸው። አማርኛ የሚናገር ሰው ካለ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ፤ ከሌለም ልጃችሁን ወይም የልጅ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የስኳር፣ የልብ ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ማቆማችሁን ለሐኪሙ መንገር አትርሱ፤ የአንዳንዱ መድኃኒት መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። አንድ ጊዜ ሞክራችሁ ያልተሳካላችሁም እንደገና ጀምሩ። ከተዉት ሰዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያው ሙከራ አይደለም የተዉት።

በ1950 እውነቱን ያገኙት፣ ሲጋራቸውንም የተዉት ዶክተር ሪቻርድ ዶል በ2005 ሲያርፉ ዕድሜያቸው 92 ነበር። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ቡና ላይ የዘጠና ዓመት ሰው ታሪክ ሲነሳ የእሳቸውንም አንሱ።